በአካባቢ ጥበቃ ሸንጎ ላይ የሚቀመጠው ማነው?
ከፎገራ ሜዳ የታየ የውክልና ጥያቄ

አንድ መንግሥት የሕዝቡ አየርና ውሃ እንዳይበላሽ ሸንጎ ባቋቋመ ጊዜ ወዲያው የሚነሣው ጥያቄ «በሸንጎው ላይ የሚቀመጠው ማነው?» የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልስ ሲሰጥ ቆይቷል። አንደኛው፤ አገሩን የሚያውቅ፣ ይኸውም ከየክፍሉ ተወክሎ የሚመጣ ሰው ይቀመጥ የሚል ነው። ሁለተኛው፤ ነገሩን የሚያውቅ፣ ይኸውም ሐኪሙ፣ ኬሚስቱ፣ መሐንዲሱ ይቀመጥ የሚል ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የኢትዮጵያ ሕግ የሰጠውን መልስ በታሪክ መመልከትና መልሱ በፎገራ ሜዳ፣ በተለይም በወረታ ከተማ፣ ምን ያህል እንደሚበቃ መመርመር ነው።

ውክልና በሕጋችን ውስጥ ቆይቷል። በ1923 ዓ/ም የታወጀው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎች፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ፣ በመኳንንቱና በአገር ሹማምንት እንዲመረጡ ወሰነ። በ1948 ዓ/ም የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ምርጫውን ለሕዝቡ ሰጠ፤ 200,000 ያህል ሕዝብ ያለበት የምርጫ ወረዳ ሁለት እንደራሴዎች እንዲልክ፣ ተመራጩም የወረዳው ነዋሪና ባለንብረት እንዲሆን አዘዘ። እዚህ ላይ ወንበሩ የተለካው በቦታ፣ በሕዝብ ቁጥርና በንብረት ነው፤ ሙያ አልተጠየቀም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም የፌዴሬሽን ምክር ቤትን ሲያቋቁም እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ቢያንስ አንድ ተወካይ እንዲኖረው፣ ለተጨማሪ አንድ ሚሊዮን ሕዝብም አንድ እንዲጨመር ደነገገ። ይኸው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው አወጀ። መብቱ ከታወጀ በኋላ የሚጠብቀው አካል ማስፈለጉ የማይቀር ነበርና በዚያው ዓመት የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 9/1987 ተቋቋመ።

ለጥያቄያችን ዋነኛው ሰነድ ግን አዋጅ ቁጥር 295/1995 ነው። ይህ አዋጅ የአካባቢ ጥበቃ ምክር ቤትን ሲያቋቁም ጠቅላይ ሚኒስትሩን ወይም እርሱ የሚወክለውን ሰው ሰብሳቢ አደረገ፤ የፌዴራሉ መንግሥት የሚሰይማቸውን አባሎች፣ ከእያንዳንዱ ክልል አንዳንድ ተወካይ፣ ከንግድ ምክር ቤት፣ ከሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንና በአካባቢ ጥበቃ ከሚሠሩ አገር በቀል ድርጅቶችም አንዳንድ ተወካይ አስቀመጠ፤ የባለሥልጣኑን የበላይ ኃላፊ አባልና ጸሐፊ አደረገ። ባለሥልጣኑ ያዘጋጀውን የጥራት ደረጃ መርምሮ የሚያጸድቀውም ይህ ምክር ቤት እንዲሆን ተወሰነ።

ይህን ዝርዝር በጥሞና ያነበበ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ክልል በስሙ ወንበር አለው፤ ነጋዴውም ሠራተኛውም አላቸው፤ ሙያ ግን በስሙ ወንበር የለውም። ሐኪም ወይም ኬሚስት ቢቀመጥ በአጋጣሚ ነው፤ ዐዋቂው አዘጋጅ እንጂ ወሳኝ አልሆነም። ደረጃውን የሚጽፈው አንዱ፣ የሚያጸድቀው ሌላው ነው።

በውጭ አገር ከዚህ ለየት ያለ መንገድ የተከተሉ አሉ። የካሊፎርኒያ የአየር ሀብት ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1967 ሲቋቋም የመጀመሪያው ሊቀ መንበር የሆነው የሎስ አንጀለስ ጢስ ከመኪና ጭስና ከፀሐይ ብርሃን የተወለደ መሆኑን ያረጋገጠው ኬሚስት አሪ ሃገን-ስሚት ነበር። በኋላም በዚያ ቦርድ ከየአየር ወረዳው የሚመጡና በሙያቸው የሚመረጡ አባሎች ጎን ለጎን እንዲቀመጡ ሕጉ ራሱ ለየ።

አሁን ወደ ፎገራ እንመለስ። ሜዳው ከጣና በስተምሥራቅ፣ ርብና ጉማራ የሚያጠጡት፣ በክረምት ውሃ የሚተኛበት አገር ነው። አስቀድሞ ስሙ የሚጠራው በከብቱ ነበር። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሩዝ ካስተዋወቁ ወዲህ ግን ኑሮው ተለወጠ፤ የባሕር ዳር፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገዶች የሚገናኙባት ወረታም የሩዝ መፈልፈያ ከተማ ሆነች። ከአንድ ኩንታል ያልተፈለፈለ ሩዝ 20 ኪሎ ያህሉ ቅርፊት ነው። ቅርፊቱ ሲከመር ብናኙን ነፋስ ይወስደዋል፤ ሲቃጠል ይጨሳል፤ አመዱም አብዛኛው ሲሊካ ስለሆነ ደቃቁ ለሳንባ ጠንቅ ነው።

እንግዲህ የፋብሪካን ጭስ ማውጫ ብቻ አስቦ የተጻፈ ደረጃ ጭስ ማውጫ የሌለውን ክምር አያየውም። ዐዋቂው ብቻውን ቢወስን ይህ ስሕተት ያሠጋል፤ ወረታን አያውቃትምና። የክልሉ ተወካይ ብቻውን ቢወስንስ? እርሱ መፈልፈያው የስንቱ ቤት እንጀራ እንደሆነ ያውቃል፤ ስለዚህ ዝም ማለት ይቀለዋል። ከዚህም በላይ ክልሉን የሚወክለው ሰው ከባሕር ዳር የሚመጣ ሹም እንጂ በመፈልፈያው ጎረቤት ልጆቿን የምታሳድግ እናት አይደለችም። ክልል ተወከለ ማለት ወረዳው ተሰማ ማለት አይደለም።

አንዳንዶች ባለሙያ ማንም ያልመረጠው ስለሆነ ድምፅ ሊሰጠው አይገባም ይላሉ። ክርክሩ ኃይል አለው፤ ነገር ግን ምን ያህል ብናኝ ሳንባን እንደሚጎዳ በድምፅ ብልጫ አይወሰንም። ለጉዳቱ መከላከያ ማን ይክፈል፣ በስንት ጊዜ ይፈጸም የሚለው ግን የተወካዮች ጉዳይ ነው። ሁለቱን ማቀላቀል ሁለቱንም ያበላሻል።

ባለሥልጣኑ ከ1995 ዓ/ም ወዲህ ስሙ ብዙ ጊዜ ተለውጧል፤ በ2005 ሚኒስቴር፣ በ2011 ኮሚሽን፣ በ2014 ዓ/ም እንደገና ባለሥልጣን ሆኗል። የስም ለውጥ ግን የወንበሩን ጥያቄ አይፈታም። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ሦስት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛ፤ ለሕክምና፣ ለኬሚስትሪና ለእርሻ ሙያ በስማቸው ወንበር ይመደብ። ሁለተኛ፤ የክልሉ ተወካይ ደረጃ ከመጽደቁ በፊት እንደ ፎገራ ያሉትን ወረዳዎች የመስማት ግዴታ ይኑርበት። ሦስተኛ፤ የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የከፈታቸው በሮች ለሕዝቡ ይነገሩ። አዋጁ ክልሎች ከፌዴራሉ የጠበቀ እንጂ የላላ ደረጃ እንዳያወጡ ደነገገ፤ ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው አቤት እንዲል ፈቀደ፤ በ30 ቀን ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ካልተስማማም በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲሄድ መብት ሰጠ። በሸንጎው ወንበር ላልደረሰው የወረታ ነዋሪ ቀርቦ የተገኘው ድምፅ ይህ አቤቱታ ነበር፤ ድምፅነቱ ግን መኖሩን ለሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።