አምስት ምሳሌ ማረጋገጫ አይሆንም፦ የ4,294,967,297 ታሪክ



ዛሬ የማወሳላችሁ የአንድ ቁጥር ታሪክ ነው። ቁጥሩ 4,294,967,297 ሲሆን፣ ሠላሳ ሁለት ሁለቶችን አባዝተን 1 ስንጨምርበት ይገኛል። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በቱሉዝ ሸንጎ የሕግ አማካሪ የነበረው ፒየር ደ ፌርማ በ1640 በጻፋቸው ደብዳቤዎች አንድ የቁጥር ሰልፍ አነሣ፦ 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65,537። እያንዳንዱ የሚገኘው ከፊተኛው 1 ቀንሰን፣ የቀረውን በራሱ አባዝተን፣ መልሰን 1 ስንጨምርበት ነው። አምስቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ከ1ና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የላቸውም። ፌርማ ሰልፉ ያለ ማቋረጥ እንዲሁ እንደሚቀጥል አመነ፤ ማረጋገጫ እንደሌለው ግን ያን ጊዜ ራሱ ጽፏል። ስድስተኛው የሰልፉ አባል ከላይ የጠቀስሁት ቁጥር ነው።

ጉዳዩ ዘጠና ዓመት ያህል ሳይፈታ ቆየ። በ1729 ክርስቲያን ጎልድባህ ለወጣቱ ሌዎንሃርድ ኦይለር በደብዳቤ አነሣለት። ኦይለርም በ1732 ቁጥሩ ለ641 ያለ ቀሪ እንደሚካፈል አሳየ፤ ድርሻው 6,700,417 ነው። ሰልፉ በስድስተኛው ላይ ተሰበረ።

እኔን ዘወትር የሚያስደንቀኝ የመንገዱ አጭርነት ነው። ይህን ቁጥር የሚያካፍል ማንኛውም ብቸኛ ቁጥር ለ64 ሲካፈል 1 ይተርፈዋል፤ ኦይለር ይህን ከዓመታት በኋላ በማረጋገጫ አጽንቶታል። በዚህ ወንፊት ብናበጥር በቅድሚያ የሚቀሩልን 193፣ 257፣ 449፣ 577 እና 641 ናቸው። በአምስተኛው ሙከራ ነገሩ ያልቃል። ፌርማም ተመሳሳይ ወንፊት ነበረው፤ ሠላሳ ሰባት ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ የሚገኘው ቁጥር ለ223 እንደሚካፈል ያገኘው በዚያው በ1640 ነው። መሣሪያው በእጁ ነበር፤ እምነቱ ግን አልተናወጠም።

እኛስ ከእርሱ ተምረናል? ከ65,537 ወዲህ በዚህ ሰልፍ ውስጥ አንድም ብቸኛ ቁጥር እስከ ዛሬ አልተገኘም። ከስድስተኛው ጀምሮ ያሉት ሃያ ስምንት ተከታታይ አባላት ሁሉ ሌላ አካፋይ እንዳላቸው ተረጋግጧል። ስለዚህ «ከእንግዲህ ብቸኛ ቁጥር አይገኝም» ለማለት ምላሳችን ይቸኩላል። እንዲህ ብንል ግን የፌርማን እርምጃ በተቃራኒው አቅጣጫ መድገማችን ነው። እርሱ አምስት ምሳሌ ነበረው፣ እኛ ሃያ ስምንት አለን፤ ማረጋገጫ ግን እርሱም አልነበረውም፣ እኛም የለንም።

ስለዚህ፣ ተማሪዎቼ፣ በመመረቂያ ጽሑፎቻችሁ ውስጥ «በሞከርናቸው ሁሉ ሠርቷል» የሚል መደምደሚያ ሲገጥመኝ ረጅም አስተያየት አልሰጥም። በኅዳጉ ላይ 641 ብዬ እጽፋለሁ። ምን ማለቴ እንደሆነ ከዛሬ ጀምሮ ታውቃላችሁ።