የማይጮኸው አዳኝ በቦስተን

ሐረር ላደግን ሰዎች ውሻ ማለት ሌሊቱን የሚጮኽ እንስሳ ነው። ሲመሽ ጅቦች በጀጎል ግንብ ሥር ባለው ቀዳዳ ሾልከው ሲገቡ፣ መምጣታቸውን ለሰፈሩ የሚያሳውቀው እሱ ነው። ስለዚህ እዚህ ቦስተን ባሰንጂ የተባለውን የማይጮኽ ውሻ ማሳደግ ስጀምር እናቴ በስልክ መጀመሪያ የጠየቀችኝ፣ "አንቺ ልጅ፣ ካልጮኸ ምን ያደርግልሻል?" ብላ ነው።

ባሰንጂ ግን የአደን እንጂ የጥበቃ ውሻ አይደለም። አገሩ የኮንጎ ደን ነው። አዳኞች አንገቱ ላይ ቃጭል አስረው ይለቁታል፤ ጥቅጥቅ ባለው ጫካ ውስጥ የት እንዳለ የሚያውቁት በቃጭሉ ድምፅ ነው። እሱም አውሬውን እየነዳ ወደተዘረጋው መረብ ያስገባዋል። በዓይኑም በአፍንጫውም ያድናል። ወንዱ ቁመቱ 43 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 11 ኪሎ ገደማ ነው፤ ሰውነቱ ቀልጣፋ፣ ጆሮው ቀጥ ያለ፣ ጅራቱ የተጠቀለለ። ድምፅ አልባ ግን አይደለም፤ ደስ ሲለው እንጉርጉሮ የሚመስል ድምፅ ያሰማል።

ይህ ውሻ ከአፍሪካ ውጭ ሥር የሰደደው ከብዙ ሞት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 ክራፍትስ በተባለው የእንግሊዝ የውሾች ትርዒት የቀረቡት ሁለቱ ብዙም ሳይቆዩ ዲስቴምፐር በተባለ የውሾች በሽታ አለቁ። በ1923 ሌዲ ሄለን ናቲንግ ከሱዳን ወደ እንግሊዝ የወሰደቻቸውን ስድስቱን ደግሞ የዚያን ዘመን የዲስቴምፐር ክትባት ራሱ ገደላቸው። በ1937 ኦሊቪያ በርን እንግሊዝ ውስጥ ዝርያውን ማራባት ተሳካላት። በዚያው ጊዜ ኒውዮርክ የገቡት ግን ከነቡችሎቻቸው በዲስቴምፐር ሞተው፣ የተረፈው ቦይስ የተባለው ወንድ ብቻ ነበር።

ከዚያ ተራው የኔዋ ከተማ የቦስተን ሆነ። በ1941 ከምዕራብ አፍሪካ ቡና ጭና በመጣች መርከብ ጓዳ ውስጥ አንዲት ሴት ባሰንጂ ከስታ ተገኘች። ሦስት ሳምንት ያህል ያለ ምግብ በባሕር ላይ እንደቆየች ይነገራል። ኮንጎ የሚል ስም ወጣላት። አሌክሳንደር ፌሚስተር የተባለ የማሳቹሴትስ ነዋሪ ወሰዳትና ከቦይስ ጋር አዳቀላት። በአሜሪካ ምድር ተወልደው ለማደግ የበቁት የመጀመሪያዎቹ ቡችሎች የእነዚህ የሁለቱ ናቸው። በማግስቱ ዓመት የአሜሪካ የባሰንጂ ክበብ ተቋቋመ።

የኔው ውሻ የዚህ ታሪክ ወራሽ ስለሆነ ጤናውን በቸልታ አላይም። ፀጉሩ አጭር ነውና በቦስተን ክረምት ልብስ ሳይለብስ አይወጣም። ጠዋትና ማታ በደንብ መሮጥ አለበት፤ ሥራ የፈታ ባሰንጂ ጫማም ወንበርም ይበላል። ባልታጠረ ቦታ ግን ከገመድ አልፈታውም፤ ሽኮኮ ካየ መንገድም መኪናም አይታየውም። ዝርያውን ፋንኮኒ የሚባል የኩላሊት በሽታ ያጠቃዋል፤ በሽታው ስኳር ከሽንት ጋር እንዲወጣ ያደርጋል። ስለዚህ ሽንቱን በየወሩ በመመርመሪያ ወረቀት አያለሁ። ቡችላ የሚወስድ ሰውም የወላጆቹን የዘር ምርመራ ውጤት ሳያይ እሺ ባይል ደግ ነው።

ከሁሉም በላይ ክትባቱን አላሳልፍም። ባሰንጂን ባዕድ አገር ሲያጠፋው የኖረው ዲስቴምፐር የኛም አገር ጠላት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። በእብድ ውሻ በሽታም በኢትዮጵያ ዛሬም ሰው ይሞታል፣ ያውም ሕፃናት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከአንድ አካባቢ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል።

ውጭ የምንኖር የሐረር ልጆች ለትምህርት ቤትና ለሐኪም ቤት ገንዘብ እናዋጣለን። ለውሾች ክትባትም ድርሻ እንመድብ እላለሁ። የተከተበ ውሻ የሚጠብቀው ራሱን ብቻ አይደለም፤ በሰፈሩ የሚጫወተውን ልጅም ጭምር ነው።