ሽማግሌዎቹን የሚያናፍሰው ሰው

እስቲ ጠጋ በሉ። ከኦፈንባኽ ወደ ፍራንክፈርት በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ የፈረስ ሠረገላ እየተንገጫገጨ ይሄዳል። ውስጡ የተቀመጠው ሰውዬ ልብሱ የጸዳ፣ የመስፍን ቤተ መጻሕፍት ጠባቂ፣ አማካሪ የሚል ማዕረግ ያለው ጨዋ ነው። እሱን ተዉት። ጎንበስ በሉና ከሠረገላው ሥር እዩልኝ። እዚያ አንዲት ሳጥን ታስራለች። ውስጧ ቅባት የነካው የብረት ብናኝ አለ፤ በብናኙ መሐል ደግሞ ገና ከመዶሻ ሥር የወጡ የወርቅና የብር ሳንቲሞች። መንገዱ በጎረበጠ ቁጥር ሳንቲሞቹ ከብናኙ ጋር ይፋተጋሉ። ሠረገላው ሄዶ እስኪመለስ ድረስ ሺህ ዓመት ያረጃሉ። ሰውዬው ለዚህ ጉዞ ስም ነበረው ይባላል፤ «ሽማግሌዎቼን ላናፍሳቸው ነው» ይል ነበር አሉ።

ካርል ቪልሄልም ቤከር ነው ስሙ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1772 ሽፓየር በምትባል የጀርመን ከተማ ተወለደ። አባቱ ወይን ነጋዴ ነበሩ። እሱም ወይን ሞከረ፣ ጨርቅ ሞከረ፤ ንግዱ እምቢ አለው። ልቡ ያለው አሮጌ ሳንቲም ላይ ነበር። ታዲያ እንደሚተረከው አንድ ባሮን ሐሰተኛ ሳንቲም ሸጠለት። ቤከር ነቅቶ ሄዶ ቢያማርር፣ ባሮኑ ምን ቢለው ጥሩ ነው? በማታውቀው ነገር እጅህን ካስገባህ ይበልህ! ቤከር አልተሳደበም፤ ዳኛ ፊትም አልቆመም። ሄዶ ብረት መቅረጽ ተማረ። ከእንዲህ ዓይነቱ ቂመኛ ይሰውራችሁ።

ወርቅ ለአጭበርባሪ ለምን እንደሚመች ልንገራችሁ። ነሐስ ከመሬት ሥር ሲቆይ አረንጓዴ ይለብሳል፤ ያ ልብስ ራሱ ምስክር ነው። ወርቅ ግን አይዝግም። ሁለት ሺህ ዓመት ተቀብሮ ሲወጣ ትናንት የተሠራ ይመስላል። ደግነቱ አብዛኛው አጭበርባሪ ሰነፍ ነው። የእውነተኛውን ሳንቲም ቅርጽ ይወስድና ወርቅ አቅልጦ ያፈስበታል። እንዲህ ያለውን ጠርዙን ዞር አድርጋችሁ ብታዩት ሁለቱ ቅርጾች የተጋጠሙበት መሥመር አለ፤ ወይም መሥመሩን ሊያጠፋ በሞረድ የፋቀበት አለ። በአጉሊ መነጽር ፊቱ ላይ መርፌ የወጋው የሚመስል የአየር ቀዳዳ ይታያል፤ ፊደሉም እንደታጠበበት ሳሙና ሟሟ ያለ ነው። በእጅ የተመታው ጥንታዊ ሳንቲም ሌላ ነው፤ መልኩ ከመሐል ወደ አንድ ወገን ሸሸት ይላል፣ ጠርዙ አልፎ አልፎ ይሰነጠቃል፣ ፊደሉ ግን ስለት አለው። በወርቅ የተለበጠውን ደግሞ ውኃ ያጋልጠዋል። አየር ላይ መዝናችሁ፣ ውኃ ውስጥ አንጠልጥላችሁ ድጋሚ ትመዝናላችሁ፤ ንጹሕ ወርቅ ከእኩል መጠን ውኃ 19.3 እጥፍ ይከብዳል፣ እርሳስ 11.3፣ ብር 10.5።

ቤከር ከዚህ ወጥመድ ሁሉ አመለጠ። ምክንያቱም ርካሽ የሆኑ እውነተኛ የጥንት ሳንቲሞችን ይገዛና፣ ውድ የሆነውን መልክ በራሱ እጅ በብረት ማኅተም ላይ ቀርጾ በላያቸው ይመታባቸዋል። ወርቁ የጥንት ወርቅ፣ ምቱም የመዶሻ ምት። ሚዛን ምን ይበል? የግሪክ ከተሞችን፣ የሮም ቄሣሮችን፣ የስፔን ቪሲጎት ነገሥታትን ወርቅ ሠራ፤ በጠቅላላው ከ300 ዓይነት በላይ። ታላቁ ባለቅኔ ጎተ እንኳ የሰውየውን ስብስብ አድንቆ ጽፏል።

ታዲያ በምን ተያዘ? በዓይን። በጥንት ዘመን ማኅተሙ በእጅ ስለሚቀረጽ ሁለት ማኅተም አንድ አይሆንም፤ ከአንድ ማኅተም የወጡ ሳንቲሞች ግን እንደ መንታ እስከ ጠባሳቸው ይመሳሰላሉ። ከሰባት ቦታ የተገኙ የሚባሉ ብርቅዬ ሳንቲሞች ሁሉ የአንድ ማኅተም ልጆች ከሆኑ፣ ከዚያ በፊት ደግሞ ማንም አይቷቸው ካላወቀ፣ አዋቂው ይጠረጥራል። ቀጥሎ እጅ አለ። የግሪኩን አምላክ ጺም የጠቀለለው ጣት የቪሲጎቱንም ንጉሥ ፀጉር ከጠቀለለ፣ ያ ጣት ስንት መቶ ዓመት ኖረ? በ1826 ሴስቲኒ የሚባለው ጣሊያናዊ ሊቅ ስለ ዘመኑ ሐሰተኛ ሠሪዎች በጻፈው መጽሐፍ ጉዱን አወጣው። ቤከር በ1830 ሞተ። ማኅተሞቹን አላጠፋቸውም። የሠራውን ይወድ ነበር መሰለኝ። ዛሬ በርሊን ሙዚየም ውስጥ አሉ፤ የተጠረጠረ ሳንቲም ከእነሱ ጋር ይተያያል።

የእኛ አያቶችም በዓይን አይታሙም። ጠገራ ብር ሲቀበሉ በላዩ ያለችውን የኦስትሪያ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛን ጌጥ ዕንቁ በጥፍራቸው እየነኩ ይቆጥሩ ነበር። የሚገርመው ብሩ ሁሉ 1780 ይላል፤ ንግሥቲቱ በዚያው ዓመት ቢሞቱም ቪየናም ለንደንም ሮምም ይህንኑ ዓመት እየጻፉበት ሲመቱት ኖረዋል። ዓመቱ የሚዋሽ፣ ብሩ የማይዋሽ ገንዘብ!

ወደ ወርቃችን እንመለስ፤ አንድ የቀረኝ አለ። በ1713 በትራንሲልቫኒያ ተገኙ የተባሉ ጥቂት የወርቅ ሳንቲሞች ቪየና ገቡ። አንዳንዶቹ ላይ «ስፖንሲያኑስ» የሚል ስም አለ። በታሪክ መጽሐፍ እንዲህ የሚባል ቄሣር የለም። ሳንቲሞቹ ደግሞ ያስጠላሉ፤ አልተመቱም፣ ፈሰው ነው የተሠሩት፤ ፊደላቸው የተንሻፈፈ ነው። በ1863 ፈረንሳዊው አንሪ ኮኸን ሐሰት ብሎ ጣላቸው፤ ከዚያ ወዲህ መሳቢያ ውስጥ ተረሱ። በ2022 ግን የለንደን ተመራማሪዎች ከመካከላቸው ግላስጎው ያለውን ሳንቲም በማይክሮስኮፕ ሥር አስገቡት። በእጅና በኪስ ሲዞር የኖረ ገንዘብ የሚያገኘው ዓይነት ጥልቅ ጭረት አገኙ። ከጭረቱ በላይ ደግሞ ከመሬት ሥር ተጣብቆ የደረቀ የአፈር ማዕድን አለ። መጀመሪያ ተሠራበት፣ ኋላ ተቀበረ ማለት ነው አሉ፤ እውነተኛ ነው ብለውም ፈረዱ። ሌሎች የሳንቲም አዋቂዎች አልተቀበሏቸውም፤ ክርክሩ አላበቃም። እኔ ብጠየቅ ጭረቱን አምናለሁ፤ ቄሣርነቱን ግን ለጊዜው በይደር አቆየዋለሁ።

ሲከራከሩ ባነበብኩ ቁጥር ትዝ የምትለኝ ያቺ ከሠረገላው ሥር የታሰረችው ሳጥን ናት። ቅባት ነበረባት፣ የብረት ብናኝ ነበረባት። አፈር ነበረባት ያለ ግን የለም።