ባለስንቅ ፕሮግራም፦ አዲስ የሥዕል ሶፍትዌር በአሮጌ ሊኑክስ ላይ

ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ዳር ያለችው ሽሮ ሜዳ የሸማኔዎች ሰፈርና የሀበሻ ልብስ ገበያ ናት። ጥበብ የምንለው ባለቀለም ጥለት ክር እየተቆጠረ ስለሚሠራ፣ ሸማኔው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ንድፉን በካሬ ወረቀት ወይም በኮምፒውተር ማውጣት ይቻላል። ለዚህ ኢንክስኬፕ የሚባለው ነፃ የሥዕል ፕሮግራም እጅግ ይመቻል። አንዲት ቅርጽ ከሳሉ በኋላ በረድፍና በአምድ ያባዛታል። በ2023 የወጣው 1.3 የተባለው እትም ደግሞ እየተደጋገመ የሚሄደውን ጥለት እዚያው ሥዕሉ ላይ እያዩ ለማረም ያስችላል። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሁን ኡቡንቱ 20.04 የተባለው የሊኑክስ ሲስተም የተጫነበት ያገለገለ ላፕቶፕ ያለው አንድ የጉለሌ ወጣት ንድፍ አውጪ እናስብ። ከሲስተሙ የራሱ ማከማቻ ኢንክስኬፕን ሲጭን የሚያገኘው 0.92ን ነው። ኡቡንቱ 20.04 የወጣው ኤፕሪል 23 ቀን 2020 ሲሆን ኢንክስኬፕ 1.0 የወጣው ሜይ 4 ነው፤ በአሥራ አንድ ቀን ተላለፉ ማለት ነው። እንዲህ ያለው የረጅም ጊዜ ሲስተም አንዴ ከወጣ በኋላ በማከማቻው ያሉትን አብዛኞቹን ፕሮግራሞች ባሉበት እትም ያቆያቸዋል፤ የሚጨምርላቸው የደኅንነትና የስሕተት ጥገና ነው። ለቢሮ ሥራ ይህ ትልቅ በረከት ነው፤ ዛሬ የሠራው ነገ አይቀየርም። ለንድፍ አውጪው ግን በሩ ከፊቱ እንደተዘጋ ይቆያል።

አዲሱን እትም ከሌላ ቦታ አምጥቶ ለመጫን ሲሞክርም ሲስተሙ እምቢ ይለዋል። በሊኑክስ ላይ አንድ ፕሮግራም ብቻውን አይቆምም። ፊደል የሚያሰፍረው፣ ፎቶ የሚከፍተው፣ መስኮትና ቁልፍ የሚያወጣው ኮድ ላይብረሪ በሚባሉ የጋራ ፋይሎች ውስጥ ይቀመጣል፤ ሁሉም ፕሮግራም ከዚያ ይጠቀማል። ይህ አሠራር የዲስክ ቦታ ይቆጥባል፤ ከዚያም በላይ በአንዱ ላይብረሪ ስሕተት ቢገኝ አንድ ቦታ ማረም ለሁሉም ይበቃል። ፕሮግራሙ እንዲሠራ የግድ የሚያስፈልጉት እነዚህ ፋይሎች በባለሙያዎች አነጋገር ዲፔንደንሲ ይባላሉ፤ ጥገኝነት ልንለው እንችላለን። ጣጣው ላይብረሪዎቹም የራሳቸው እትም ያላቸው መሆኑ ነው። በማርች 2025 የወጣው ጊምፕ 3.0 የተባለው የፎቶ ማረሚያ ፕሮግራም በ2020 ማሽን ላይ የሌሉ አዳዲስ ላይብረሪዎችን ይጠይቃል። እነሱን በግድ ማስገባት ደግሞ በአሮጌዎቹ የሚሠሩትን ሌሎች ፕሮግራሞች ያናጋል፤ አንዳንዴም ኮምፒውተሩ ዴስክቶፑን ማሳየት እስኪያቅተው ያደርሳል።

ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ፕሮግራሙን ከሚያስፈልጉት ላይብረሪዎች ጋር አንድ ላይ ጠቅልሎ ማቅረብ ነው። ሳይመን ፒተር የተባለ ሰው በ2004 ክሊክ በሚል ስም የጀመረው ሥራ ዛሬ አፕኢሜጅ የሚባለው ሆኗል። አሌክሳንደር ላርሰን የጀመረው ፍላትፓክ፣ ኡቡንቱን የሚያዘጋጀው የካኖኒካል ኩባንያ ያወጣው ስናፕም ከዚሁ ሐሳብ የተነሡ ናቸው። አሠራራቸው ቢለያይም ሐሳባቸው አንድ በመሆኑ ለሦስቱም የሚሆን የወል ስም በአማርኛ ያስፈልገናል። የማቀርበው ስም ባለስንቅ ፕሮግራም የሚል ነው።

ራሱን የቻለ ፕሮግራም ብንለው ምን ይጎድለዋል የሚል ይኖራል። ይጎድለዋል፤ ምክንያቱም እነዚህ ፕሮግራሞች ራሳቸውን አልቻሉም። ስንቅ የያዘ መንገደኛ በሶውንና ዳቦ ቆሎውን ከቤቱ ይዞ ይወጣል እንጂ ውሃውን ከደረሰበት ምንጭ ይቀዳል፤ የሚሄድበትም መንገድ ያገሩ መንገድ ነው። ባለስንቅ ፕሮግራምም ላይብረሪውን ይዞ ይመጣል፤ የሲስተሙን እምብርት ከርነልን፣ የስክሪን ካርዱንና ካርዱን የሚያሠራውን ድራይቨር ግን የሚያገኘው ከደረሰበት ማሽን ነው። ስያሜው ይህን ወሰን አብሮ ስለሚናገር ተጠቃሚውን ከሐሰት ተስፋ ይጠብቀዋል። የወሰኑን ነገር ዘርዘር አድርገን እንየው፤ አብዛኛው ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚተወው እዚህ ላይ ነውና።

አፕኢሜጅ አብዛኛውን ጊዜ ይዞት የማይመጣው አንድ ላይብረሪ አለ፤ ግሊብሲ ይባላል። ማንኛውም ፕሮግራም ማለት ይቻላል ከከርነሉ ጋር የሚነጋገረው በእሱ በኩል ነው። የግሊብሲ ሕግ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይሠራል፦ በአሮጌ ግሊብሲ ላይ የተገነባ ፕሮግራም በአዲሱ ላይ ይሄዳል፤ በአዲሱ ላይ የተገነባ ግን በአሮጌው ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይሄድም። ኡቡንቱ 18.04 ያለው 2.27 ነው፤ 20.04 ያለው 2.31፤ 22.04 ያለው 2.35። ስለዚህ ፕሮግራሙን ከተርሚናል ሲያስነሡት ግሊብሲ 2.34 አልተገኘም የሚል መልእክት ከወጣ፣ ፕሮግራሙ ከማሽኑ በሚበልጥ አዲስ ሲስተም ላይ የተገነባ ነው ማለት ነው። ፋይሉ አልተበላሸም፤ ደግሞ ማውረድም ካርድ ከመጨረስ በቀር ትርፍ የለውም። አፕኢሜጅ የሚያዘጋጁ ጠንቃቃ ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ ሥራቸውን የሚገነቡት ድጋፉ ገና ባልተቋረጠ አሮጌ ሲስተም ላይ ነው።

ብሌንደር የተባለው የሦስት አውታር ሥዕልና አኒሜሽን ፕሮግራም የግሊብሲንና የስክሪን ካርድን ወሰኖች ያሳያል። አዘጋጆቹ ራሳቸው የሚያቀርቡት ጥቅል ላይብረሪዎቹን የያዘ ስለሆነ ፈትቶ ማስነሣት ብቻ ይበቃል፤ እሱም ባለስንቅ ነው። ይሁን እንጂ በኖቬምበር 2023 የወጣው 4.0 ግሊብሲ 2.28 ይፈልጋል፤ ኡቡንቱ 18.04 በአንድ እርከን ተበልጦ ይቀራል። በስክሪን ካርድ በኩል ደግሞ፣ ፕሮግራሞች ከካርዱ ጋር የሚነጋገሩበትን ኦፕንጂኤል የሚባል መስፈርት በ4.3 እትሙ ይጠይቃል። በ2012 የወጡት ኢንቴል ኤችዲ 4000 ያላቸው ላፕቶፖች በሊኑክስ ላይ የሚደርሱት 4.2 ድረስ ነው። እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ያለው ሰው ኦፕንጂኤል 3.3 በሚበቃው በ3.6 ላይ ቢቆይ ይሻለዋል። ብሌንደር 3.6 ለረጅም ጊዜ እንዲደገፍ የተዘጋጀ እትም ነበር፤ ብዙ የተሟላ ሥራም ይሠራበታል። የስክሪን ካርድን እጥረት የሚሞላ ስንቅ የለም።

ፍላትፓክ የግሊብሲን ችግር ይፈታዋል። ራንታይም የሚባል፣ ግሊብሲን ጨምሮ መሠረታዊ ላይብረሪዎችን የያዘ ጥቅል ለብቻው ያወርዳል፤ ብዙ ፕሮግራሞች ያንኑ ይጋሩታል። በዚህ መንገድ አዲሱ ኢንክስኬፕና አዲሱ ጊምፕ በአሮጌው ሲስተም ላይ ሊሠሩ ይችላሉ። ዋጋው ዳታ ነው፤ የመጀመሪያው ፕሮግራም ከራንታይሙ ጋር በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት፣ አንዳንዴም ከጊጋባይት በላይ ይወስዳል። በሞባይል ጥቅል ለሚጠቀም ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ስለዚህ የጉለሌው ንድፍ አውጪ በቅድሚያ አፕኢሜጁን ቢሞክር ይሻላል እላለሁ። አንድ ፋይል ብቻ ነው፤ ጓደኛ ካወረደው በፍላሽ ይቀዳል፤ በፋይሉ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጎ እንደ ፕሮግራም እንዲሠራ መፍቀድ ነው፤ ካልተስማማ ፋይሉን ማጥፋት ይበቃል፤ ሲስተሙ አይነካም። ኢንክስኬፕም ክሪታ የተባለው የሥዕል ፕሮግራምም ጊምፕም በየራሳቸው ገጽ አፕኢሜጅ ያቀርባሉ። ፍላትፓክም ቢሆን አንዴ የወረደውን ፕሮግራም ከነራንታይሙ ወደ ፍላሽ የሚያወጣበት ትዕዛዝ አለው፤ በአንድ ስቱዲዮ ወይም በአንድ ትምህርት ቤት አንድ ሰው አውርዶ ለሌሎቹ ማዳረስ ይችላል።

እኛን በተለይ የሚነካን የአማርኛ ጽሑፍ ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ስለገባ፣ ፊደሉን ማሳየት ለአሮጌም ሆነ ለአዲስ ሊኑክስ አያስቸግርም፤ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ፎንት ካለ ፖስተሩም መጽሔቱም በአማርኛ ይወጣል። መተየብ ግን ሌላ ነው። በሊኑክስ ላይ የአማርኛን ፊደላት ከቁልፎቹ የሚያወጣው አይባስ የመሰለ የመተየቢያ ሥርዓት ነው፤ ፕሮግራሙም ከእሱ ጋር የሚያገናኘው ትንሽ ፋይል ያስፈልገዋል። አዘጋጆቹ ይህችን ፋይል በስንቁ ውስጥ ካላስገቧት ፕሮግራሙ ተከፍቶ፣ ሁሉም ነገር ሠርቶ፣ አማርኛ ሲተይቡበት ብቻ ላቲን ይወጣል። ጊዜያዊ መውጫው ጽሑፉን በሲስተሙ የጽሑፍ ማዘጋጃ ላይ ተይቦ ኮፒ ማድረግ ነው። ዘላቂው መፍትሔ ግን ለፕሮግራሙ አዘጋጆች ችግሩን ማመልከት ነው፤ እነዚህ ነፃ ፕሮግራሞች ስሕተት የሚቀበሉበት ክፍት መዝገብ አላቸው። በአማርኛ የሚተይብ ሰው ካላመለከተ፣ በአማርኛ የማይተይብ አዘጋጅ ችግሩ መኖሩን ማወቂያ መንገድ የለውም።

ስንቅ ይሻግታልም። የጋራ ላይብረሪ ሲታረም ጥገናው ለሁሉም ይደርሳል ብለናል፤ ባለስንቅ ፕሮግራም ከዚህ ጥቅም ውጭ ነው። በውስጡ ያለው የምስል መክፈቻ ላይብረሪ የደኅንነት ቀዳዳ ቢገኝበት፣ የሲስተሙ ጥገና አይደርስለትም። አፕኢሜጅ ከሆነ አዲሱን ፋይል ራስዎ ማምጣት አለብዎት፤ ፍላትፓክና ስናፕ በዚህ ይሻላሉ፣ የሚታደሱበት መንገድ አላቸው። ከዚህም ሌላ አፕኢሜጅ በራሱ አጥር የለውም፤ ሲነሣ የእርስዎን ፋይሎች ሁሉ ማየት ይችላል። ስለዚህ ምንጩ የፕሮግራሙ የራሱ ገጽ መሆን አለበት፤ በፍላሽ የተቀበሉት ከሆነ ደግሞ በገጹ ላይ ከተጻፈው የማረጋገጫ ቁጥር ጋር ያስተያዩት።

ሲስተሙ ራሱም መረሳት የለበትም። የኡቡንቱ 20.04 መደበኛ ድጋፍ በሜይ 2025 አብቅቷል። ኡቡንቱ ፕሮ በሚባለው አገልግሎት ግን ማንኛውም ግለሰብ እስከ አምስት ማሽን ድረስ በነፃ መመዝገብ ይችላል፤ የደኅንነት ጥገናውም እስከ 2030 ይቀጥልለታል። ማሽኑ 22.04ን ወይም 24.04ን መሸከም ካቃተው፣ ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ምዝገባ መጨረስ፣ ከዚያ አዲሱን ኢንክስኬፕ መጫን ይሻላል።