የማን ልጅ ነህ?

የእድራችን የወር ስብሰባ ሲያልቅ ሰው ወዲያው አይበተንም። ሂሳቡ ተነቦ፣ መዋጮ ያልከፈለው ተወቅሶ፣ የድንኳኑ ቀዳዳ ጉዳይም እንደ ልማዱ ለሚቀጥለው ወር ተላልፎ ሲያበቃ፣ እውነተኛው ጨዋታ የሚጀመረው ያኔ ነው። ባለፈው ወር የተነሳው ጨዋታ የብስክሌት ነበር።

ነገሩን የቆሰቆሰው ጥቂት ዓመት ውጭ አገር ኖሮ የተመለሰ የሰፈራችን ወጣት ነው። «በሠለጠኑት ከተሞች ብስክሌት የጋራ ነው። ከዚህ ሰፈር ታነሳለህ፣ የምትሄድበት ሰፈር ስትደርስ ታቆመዋለህ፤ ሌላው ደግሞ ከዚያ ይቀጥላል። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ከተጀመረ ወዲህ የብስክሌት መስመሩ በየትልልቁ መንገድ ዳር ተዘርግቶልናል። የቀረን ብስክሌቱ ነው» አለ።

መጀመሪያ የተቆጣው ባለሱቁ ነበር። «ከሱቄ ደጃፍ ሊደረድሩት ነው? ዘይትና ስኳር የሚያራግፍልኝ መኪና የት ይቁም? በመኪና የሚመጣው ደንበኛዬስ?» ጡረተኛው መምህር ቀጠሉ፤ «ከስድስት ኪሎ ወደ ፒያሳ ቁልቁል ሁሉም ይወርዳል። ሽቅብ የሚመልሰው ማነው?» በየጠዋቱ የታክሲ ሰልፍ ላይ የምትቆም አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ «መጀመሪያ አውቶቡሱን ያብዙልኝ፤ ብስክሌቱ ይቆየኝ» አለች። በመጨረሻ ጥግ ይዘው የተቀመጡት የሰፈሩ ጥበቃ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ሌሊት እዚያው ደጅ ነው የሚያድረው? እንግዲያማ ሲነጋ መሪውም ቸርኬውም የለም» ቢሉ ሁላችንም ሳቅን። ስብሰባውም በሳቅ ተበተነ።

እኔ ግን ሳቁ አልወጣልኝም። እነዚህ አራት ጥያቄዎች የእኛ ሰፈር ብቻ እንዳልሆኑ አውቃለሁ። በሌላው ዓለም ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲጠየቁ ኖረዋል። ከሁሉም በላይ የጥበቃው ጥያቄ ወደ ልጅነቴ መለሰኝ።

ያደግኩት ባሕር ዳር ነው። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ብስክሌት እዚያ መጫወቻ ሳይሆን ሁለተኛ እግር ነው። የራሱ ብስክሌት የሌለው ልጅ ሳይክል አከራይ ዘንድ ይሄዳል። የእኛ ሰፈር አከራይ አራት ያረጁ ብስክሌቶች ግድግዳ ላይ አስደግፈው፣ አንድ የእጅ ሰዓት ይዘው፣ በርጩማ ላይ ይቀመጡ ነበር። ሂሳቡ በሩብ ሰዓት ነው። መያዣ የሚሆን ሰዓትም ሆነ መታወቂያ የሌለንን ልጆች የሚጠይቁን አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «የማን ልጅ ነህ?» መልሱን ከሰሙ በቃቸው። ብስክሌቱን ይሰጣሉ።

ይህችን ጥያቄ ያዙልኝና ወደ አምስተርዳም እንሻገር።

እ.ኤ.አ. በ1965 በአምስተርዳም ፕሮቮ የሚባሉ ወጣቶች ተነስተው ነበር። ስማቸው ራሱ ነገር መቆስቆስ ከሚለው የመጣ ነው። ከመካከላቸው ሉድ ስኪመልፔኒንክ የሚባል የዕቃ ንድፍ ባለሙያ «የነጭ ብስክሌት ዕቅድ» የተባለውን አወጣ። የከተማው መሀል ለግል መኪና ይዘጋ፤ የሕዝብ ማመላለሻው ይብዛ፤ ማዘጋጃ ቤቱ በየዓመቱ 20,000 ብስክሌት ገዝቶ ነጭ ቀለም ይቀባ፤ ቁልፍ አይኑረው፤ የፈለገ ያንሳው፤ የጨረሰ ይተወው የሚል ነው። ወጣቶቹ ቃላቸውን በተግባር ለማሳየት ጥቂት ብስክሌቶች ነጭ ቀብተው በየመንገዱ አቆሙ።

ፖሊስ መጥቶ ሰበሰባቸው። ምክንያቱ የሚያስቅ ነው፤ በከተማው ደንብ መሠረት ብስክሌትን ሳይቆልፉ መተው ክልክል ነበር። ወጣቶቹም ለተንኮል አልሰነፉም፤ በቁጥር የሚከፈት ቁልፍ ገጠሙና ቁጥሩን እዚያው ብስክሌቱ ላይ ጻፉት። በ1966 ፕሮቮ በከተማው ምክር ቤት አንድ ወንበር አገኘ። ስኪመልፔኒንክም በ1967 ዕቅዱን ለምክር ቤቱ አቀረበ፤ ምክር ቤቱም ውድቅ አደረገው። እንግዲህ የአምስተርዳም ፖሊስና የሰፈራችን ጥበቃ ሳይተዋወቁ አንድ ነገር ተናግረዋል፤ ባለቤቱ ያልታወቀ ዕቃ ደጅ አያድርም ነው ነገሩ።

ከዚህ በኋላ ያለው የከተማ ብስክሌት ታሪክ በአብዛኛው የመያዣ ታሪክ ነው። ኮፐንሃገን በ1995 1,000 ብስክሌት ስታወጣ መያዣው ሳንቲም ሆነ። እንደ ትልልቅ መደብሮች የዕቃ ጋሪ ሃያ ክሮነር ትከታለህ፣ ብስክሌቱ ይፈታል፤ ስትመልስ ሳንቲምህ ይመለሳል። ነገር ግን ሳንቲም ስም የለውም። ሃያ ክሮነሩን የተወ ሰው ብስክሌቱን በርካሽ ገዛው ማለት ነው። አገልግሎቱ ብዙ ብስክሌት እያጣና እየተካ እስከ 2012 ቆየ።

በ1998 የፈረንሳይዋ ሬን ከተማ ሳንቲሙን በመታወቂያ ካርድ ተካች። ማሽኑ «ማን ነህ?» ብሎ ጠየቀ። ሐምሌ 2007 ደግሞ ፓሪስ ከ10,000 በላይ ብስክሌቶች ይዛ ቬሊብ የተባለውን አገልግሎት ጀመረች። ያኔ ተከራዩ በባንክ ካርዱ 150 ዩሮ መያዣ ይፈቅድ ነበር፤ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነጻ ነበር። የሰፈራችን መምህር ያሉትም ፓሪስ ላይ ደረሰ። ሰው ከሞንማርትር ኮረብታ በብስክሌት ይወርዳል፤ ሽቅብ ግን በሌላ መጓጓዣ ይመለሳል። ብስክሌቱን በመኪና ጭኖ ወደ ላይ መመለስ የየዕለት ሥራ ሆነ። ኋላ ላይ ኮረብታ ላይ ላለ ማቆሚያ ብስክሌት ላደረሰ ሰው አሥራ አምስት ደቂቃ ምርቃት ይሰጠው ጀመር። ዳገት ብስክሌትን አይከለክልም ማለት ነው፤ ወጪውን ግን ይጨምራል። ባለ ኮረብታዋ ኪጋሊም በ2021 የጋራ ብስክሌት ከመጀመር ዳገቷ አላገዳትም።

ሌባውስ? በፓሪስ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በሺህ የሚቆጠሩ ብስክሌቶች ተሰርቀዋል። መያዣው ተከራዩን እንጂ ሌባውን አላሰረም።

ወደ ባለሱቁ ልመለስ። ኮፐንሃገን በ1962 ስትሮየት የተባለውን ዋና የገበያ መንገዷን ለሙከራ ለመኪና ስትዘጋ፣ አምርረው ከተቃወሙት መካከል የመንገዱ ነጋዴዎች ነበሩ። መኪና ከሌለ ገዢ የለም ብለው ነበር። በ1964 መዘጋቱ ቋሚ ሆነ። የተፈራው ኪሳራ አልመጣም፤ መንገዱ እስከ ዛሬ ድረስ ከከተማዋ ዋና ዋና መገበያያዎች አንዱ ነው። ምስጢሩ ሩቅ አይደለም። መኪና የያዘ ሰው የሱቁን ደጃፍ በፍጥነት ያልፈዋል፤ እግረኛና ባለ ብስክሌት ግን ዓይኑ ያረፈበት ላይ ይቆማል። የዕቃ ማራገፉ ጥያቄ ግን እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ እንዲህ ባሉ መንገዶች መልሱ ለማራገፊያ የታወቀ ሰዓት መመደብ ነው።

በኒው ዮርክ ግንቦት 2013 6,000 ብስክሌቶች ሲወጡም ጎረቤት ከጎረቤት ተነታርኳል። የመኪና ማቆሚያችን ተወሰደ፤ ቆሻሻ የት እናውጣ፤ የእሳት አደጋ መኪና በየት ይግባ፤ የጥንቱ ሰፈራችን ውበት ጠፋ ተባለ። ፍርድ ቤት ድረስ የሄዱም ነበሩ። እኔን የሳበኝ ግን ሌላ ነው። 95 ዶላር የነበረው የዓመት ክፍያ በመንግሥት ቤቶች ለሚኖሩ 60 ዶላር ተደርጎ ነበር። ማሽኑ «ማን ነህ?» ብሎ ሲጠይቅ «የባንክ ካርድህን አሳየኝ» ማለቱ እንደሆነ፣ ካርድ የሌለው ሰው ደግሞ የማንም ልጅ ሆኖ እንደማይቆጠር ቀስ በቀስ ታውቋል።

የእምነቱ መፍረስ ከአከራዩም በኩል ሊመጣ ይችላል። በቻይና ኦፎ የተባለው ኩባንያ ቢጫ ብስክሌቶቹን በየከተማው ሲበትን መያዣ ያስከፍል ነበር፤ በመጀመሪያ 99፣ ኋላም 199 ዩዋን። በታኅሣሥ 2018 ገንዘባቸው እንዲመለስላቸው የተሰለፉት ተጠቃሚዎች ከአሥር ሚሊዮን በላይ ነበሩ። ሰልፉ የስልክ ሰልፍ ነው፤ እንጂ የሚቆሙበት መንገድም አይገኝም ነበር።

ታክሲ የምትጠብቀው ጎረቤቴ አውቶቡሱ ይቅደም ያለችው ትክክል ነው። ስኪመልፔኒንክም ነጩን ብስክሌት ያሰበው ከበዛ የሕዝብ ማመላለሻ ጋር ነበር። በአዲስ አበባ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጉዞ በእግር የሚደረግ ነው። የከተማው ባቡር መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምርም ከቤት እስከ ፌርማታ ያለው መንገድ የእግር መንገድ ሆኖ ቀርቷል። ብስክሌት ልታሳጥር የምትችለው ይህንን ነው። አውቶቡስን ግን አትተካም።

አሁን የቀረኝን ልናዘዝ። አንድ ቅዳሜ የባሕር ዳሩን አከራይ ብስክሌት ይዤ ቦይ ውስጥ ገባሁና የፊት ቸርኬው ተጣመመ። እየጎተትኩ አምጥቼ፣ ፊታቸውን ሲያዞሩ ጠብቄ፣ ግድግዳው ላይ አስደግፌ ሮጥኩ። አንድ ሳምንት ሙሉ በዚያ መንገድ አላለፍኩም። የማን ልጅ እንደሆንኩ ያውቃሉ፤ ማታ ማታ የበሩን መንኳኳት እጠብቅ ነበር። ማንም አላንኳኳም። በስምንተኛው ቀን እናቴ ስኳር ግዛ ብላ ላከችኝና መሸሻ አጣሁ። ከበርጩማቸው ሳይነሱ፣ «ቸርኬው ተቃንቷል። አንተስ ተጎድተሃል?» አሉኝ። ከዚያ ቀጥለው ዋጋውን ነገሩኝ። ሦስት ቅዳሜ ብስክሌት አጥቤ ዕዳዬን ከፈልኩ። እናቴ እስከ ዛሬ አልሰማችም።

አምስተርዳም ያጣችው፣ ኮፐንሃገን በሳንቲም፣ ፓሪስ በባንክ ካርድ ልትገዛው የሞከረችው ይኸው ይመስለኛል። ማወቅ ብቻውን ፖሊስም ያውቃል። አውቆ፣ አስከፍሎ፣ አለማዋረድ ነው ከባዱ።

በሚቀጥለው ስብሰባ እጄን አውጥቼ የምናገረው አለኝ። ብስክሌቱ ይመጣል አይመጣም፣ እሱን የሚወስነው ሌላ ነው። ከመጣ ግን መያዣው የባንክ ካርድ ብቻ አይሁን፤ ካርድ ለሌለው እድሩ ዋስ ይሁን እላለሁ። ለቀብራችን ዋስ የሆነ ማኅበር ለአንድ ብስክሌት አያንስም። ባለሱቁ መቃወሙን ይቀጥል ይሆናል። ግን ከባንኮኒው ሥር ያለችውን የዱቤ ደብተር አውቃታለሁ። የሰፈሩ ሰው ስም እዚያች ውስጥ አለ፤ ማን በወሩ መጨረሻ እንደሚከፍል፣ ማን እንደሚያዘገይ፣ ማን ደግሞ ቢያዘገይም መጠየቅ እንደሌለበት ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። የእኔም ስም አለ። የዚህ ወር ሂሳብ አልተዘጋም።