ዋልያስ፦ ዜማውን ሁሉ ያውቀዋል፣ የተጫወተውን የሚጠራ የለም

ከገፈርሳ ተነስቶ በቡራዩ አድርጎ ወደ አስኮ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቷል እንበል። ዜናው አልቆ ማስታወቂያው ሳይጀምር መሃሉ ላይ ቃል የሌለው ሙዚቃ ይገባል። ቤዝ ጊታሩ ይንጎራደዳል፤ ኦርጋኑ ከላይ ይጫናል፤ ሳክስፎንና ትራምፔት ዜማውን ያነሱታል። ረዳቱ በሩን በመዳፉ እየመታ ምቱን ይከተላል። ከኋላ የተቀመጡ እናት ከንፈራቸውን ሳይከፍቱ ያንጎራጉራሉ። «የማን ሙዚቃ ነው?» ቢባል ግን መልስ የሚሰጥ አይገኝም። የሁሉም ነውና የማንም ሆኗል።

የገፈርሳ ውሃም እንዲሁ ነው። የለገዳዲ ግድብ ሳይሠራ ጀምሮ አዲስ አበባን ሲያጠጣ ኖሯል። ቧንቧውን የሚከፍተው ሰው ግን ከየት እንደመጣ አይጠይቅም። ምንጩ የሚታወሰው ውሃው የቀረ ዕለት ነው።

የዘመናዊ ሙዚቃችን ታሪክ ሲተረክ የሚተረከው የድምፃውያን ታሪክ ነው። ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለ፣ ማሕሙድ አሕመድ፣ ዓለማየሁ እሸቴ። ይገባቸዋል፤ ማንም አይከራከርም። ከኋላቸው ቆመው የተጫወቱትን ግን «አጃቢ» በሚል አንድ ቃል አልፈናቸዋል። ዋልያስ ባንድ ይህን ቃል በሥራው ውድቅ ያደረገ ባንድ ነው። ድምፃዊ ሳይኖር መሣሪያ ብቻውን መድረክ ላይ ሊቆም፣ ሊያስጨፍርና ሊያስተክዝ እንደሚችል አሳይቷል። ያሳየውም ሀገሪቱ በጭንቅ ውስጥ በነበረችበት ዘመን ነው።

*

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በንጉሡ ዘመን ዘመናዊ ሙዚቃ የመንግሥት ደመወዝተኛ ነበር። ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስ ሠራዊት፣ ጦር ሠራዊት፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፤ ሁሉም የየራሳቸው ኦርኬስትራ ነበራቸው። ሙዚቀኛው ኖታ የተማረው እዚያ ነው፤ የነፋው ትራምፔትም የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነበር። ሸክላ ማሳተምም ለግል ነጋዴ የተፈቀደ ሥራ አልነበረም። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ያንን አጥር ጥሶ አምሃ ሪከርድስን ሲጀምር በር ተከፈተ። የምሽት ክበቦች በዙ፣ ወጣት ሙዚቀኞችም ከመለዮ ወጥተው በየክበቡ ይሰባሰቡ ጀመር።

ኃይሉ መርጊያ ከእነዚህ አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1946 ደብረ ብርሃን አካባቢ ተወልዶ በልጅነቱ አዲስ አበባ የገባ፣ አኮርዲዮን በራሱ ጥረት የተማረ፣ በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል ያለፈ ሰው ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ በቬነስ ክበብ ይጫወቱ የነበሩ ሙዚቀኞች ራሳቸውን ችለው ዋልያስ የተባለውን ባንድ አቋቋሙ። ኦርጋን ኃይሉ መርጊያ፣ ፒያኖ ግርማ በየነ፣ ሳክስፎን ሞገስ ሀብቴ፣ ትራምፔት ዮሐንስ ተኮላ፣ ጊታር ማሕሙድ አማን፣ ቤዝ መላከ ገብሬ፣ ድራም ተማረ ሐረጉ።

ቁልፉ እዚህ ላይ ነው፤ መሣሪያው የራሳቸው ነበር። በዚያ ዘመን መሣሪያው የክበቡ ባለቤት ከሆነ ሙዚቀኛውም የክበቡ ባለቤት ነበር ማለት ይቻላል። ቢጣሉ ባዶ እጁን ይወጣል። የራሱ ኦርጋን፣ የራሱ ድምፅ ማጉያ ያለው ባንድ ግን ዕቃውን ጭኖ ወደሚፈልገው ይሄዳል፤ ዋጋውንም ይደራደራል። ዋልያስ ዕቃውን ጭኖ የሄደው ወደ ሂልተን ነበር።

*

የሂልተን መድረክ ቀላል መድረክ አልነበረም። እንግዳው ዲፕሎማት፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ልዑክ፣ ነጋዴ፣ የአዲስ አበባ ባለጸጋ ነው። እራት ላይ ለስላሳ ጃዝ ይፈልጋል፤ ከእራት በኋላ የዘመኑን የአሜሪካ ሶልና ፖፕ ይፈልጋል፤ ሌሊቱ ሲገፋ ደግሞ ሐበሻው እስክስታውን ይፈልጋል። ዋልያስ ይህንን ሁሉ በአንድ ምሽት፣ በአንድ መድረክ፣ በነዚያው ሰዎች ይጫወት ነበር። ያውም በየምሽቱ፣ ለዓመታት።

«የሆቴል ባንድ» ሲባል አንዳንዱ ሰው የሚያስበው የፈረንጅ ዘፈን የሚገለብጥ ቡድን ነው። እውነት ነው፤ ገልብጠዋል። ነገር ግን የዋልያስ ስፋት የተወለደው ከዚያው ግልበጣ ነው። ሌት ተቀን ሶል የተጫወተ ቤዝ አጭር ሐረግ እየደጋገመ ሰውን እንዴት እንደሚይዝ ያውቃል። ሌት ተቀን ጃዝ የተጫወተ ኦርጋን ዜማን ሳያጠፋ እንዴት እንደሚዘዋወርበት ያውቃል። እነዚህ ሰዎች ይህን ሁሉ ይዘው ወደ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ሲመለሱ ቅኝቱ አልጠፋባቸውም።

ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። የእኛ ቅኝት በአምስት ድምፅ የታነፀ ነው፤ የምዕራቡ ስልት ሰባት ድምፅ ይዞ በላዩ ላይ ኮርድ ይደርብበታል። ኮርዱ ከበዛ ትዝታ ትዝታነቱን ያጣል፣ የፈረንጅ ዘፈን ይሆናል። ጨርሶ ከቀረ ደግሞ ኦርጋኑና ጊታሩ ሥራ ፈት ይሆናሉ። ዋልያስ ያገኘው መፍትሔ ልክን ማወቅ ነው። ቤዙና ድራሙ አንድ ቦታ ተተክለው ይዞራሉ፣ ጊታሩ በአጭር በአጭሩ ይነካካል፣ ዜማው ግን አምስቱን ድምፅ አይለቅም። ጭቅጭቃውም እዚያው አለ፤ የሀገር ቤቱ የስድስት ስምንተኛ ምት በአሜሪካ ድራም ላይ ተቀምጧል።

ሌላም ነገር አለ። በሀገራችን ልማድ መሰንቆ የአዝማሪውን ድምፅ ተከትሎ ይመልሳል፤ ድምፅ ይጠይቃል፣ ገመድ ይመልሳል። ኃይሉ መርጊያ ኦርጋኑ ላይ ሁለቱንም ሆነ። ጠያቂውም እሱ፣ መላሹም እሱ። ድምፃዊ የሚያንቀረቅብበት ቦታ ላይ ጣቱ ያንቀረቅባል፣ ድምፃዊ ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ ላይ ዝም ይላል። እ.ኤ.አ. በ1975 «ትዝታ» በተሰኘው ሥራቸው ላይ የሚሰማው ይህ ነው። ሰዉ የሚያውቃቸው ዜማዎች ያለ ቃል ቀርበው ቃሉ አይናፍቅም፤ አድማጩ ራሱ በልቡ ይሞላዋል።

በዓለም ላይ ለዚህ ቅርብ የሆነ ምሳሌ ከተፈለገ በአሜሪካ ሜምፊስ የነበረው ቡከር ቲ ኤንድ ዘ ኤምጂስ ነው። የስታክስ ሪከርድስ ቋሚ ተጫዋቾች ሆነው ኦቲስ ሬዲንግን ጨምሮ ታላላቅ ድምፃውያንን ያጀቡ፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ደግሞ «ግሪን ኦኒየንስ» በተባለ ቃል አልባ ሙዚቃ በራሳቸው ስም የገነኑ ናቸው። ልዩነቱ አሜሪካ የእነዚያን ሰዎች ስም ታውቃለች። ኢትዮጵያ የዋልያስን ሰዎች ስም አታውቅም።

*

አሁን ወደ ዘመኑ እንመለስ። ብዙዎቻችን በቃል የያዝነው ታሪክ እንዲህ ይላል፦ የንጉሡ መጨረሻ ዓመታት ወርቃማ ነበሩ፣ አብዮቱ ፈነዳ፣ ሙዚቃው ሞተ። ግማሹ እውነት ነው። ሰዓት እላፊ ታውጇል፣ ሳንሱር ጠብቋል፣ አምሃ እሸቴን የመሰሉ ሰዎች ተሰደዋል። ነገር ግን የዋልያስ ታላላቅ ሥራዎች ከአብዮቱ በኋላ የመጡ ናቸው። «ትዝታ» የ1975 ነው። ሙላቱ አስታጥቄ በቫይብራፎን የተሳተፈበት «ቼ በለው» አልበም እ.ኤ.አ. የ1977 ነው። 1977 ማለት በኛ አቆጣጠር 1969 እና የ1970 መጀመሪያ ነው። ያ ዘመን ቀይ ሽብር የተፋፋመበት፣ ጠዋት ከቤት የወጣ ልጅ ማታ መመለሱ የማይታመንበት ዘመን ነበር።

የግርማ በየነ ድርሰት የሆነው «ሙዚቃዊ ስልት» የወጣው በዚያ አልበም ላይ ነው። ዛሬ ሲሰማ ሰውን ከወንበሩ የሚያስነሳ ሙዚቃ ነው። ያ ሁሉ ጉልበት በዚያ ሁሉ ሰቀቀን መሃል መፈጠሩ ቆም ብሎ ማሰብን ይጠይቃል። ሰዓት እላፊው የምሽቱን ሥራ ጠባይ ለውጦት ነበር፤ መሽቶበት የቀረ እንግዳ መውጣት ስለማይችል እስኪነጋ እዚያው ይቆያል፣ ባንዱም ይጫወታል። ሳንሱሩ ደግሞ ግጥም ይመረምር ነበር። ቃል የሌለው ዜማ ላይ የሚሰረዝ ስንኝ የለም። ይህን ሁሉ ሆን ብለው አስበውት ነበር ማለት አይቻልም። ነገር ግን መናገር አደገኛ በሆነበት ዘመን መሣሪያ ብቻውን የሚናገርበት ሙዚቃ መጎልበቱ እንዲያው በአጋጣሚ ብቻ ታልፎ የሚተው ነገር አይደለም።

በዚያው ዘመን ብቻቸውን አልነበሩም። በራስ ሆቴል አይቤክስ ባንድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1975 ከማሕሙድ አሕመድ ጋር «እሬ መላ መላ»ን የሠራው፣ በኋላም ሮሃ ባንድ ሆኖ የአንድ ትውልድ ካሴት ጀርባ የሆነው ባንድ። አይቤክስም በእንግሊዝኛ ያው የዋልያ ዘመድ ነው። የአዲስ አበባን ሌሊት የያዙት ሁለት ባንዶች በአንድ የተራራ እንስሳ ስም ተጠሩ፤ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ የማይወድቅ እንስሳ። ለዘመኑ ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝም።

*

እ.ኤ.አ. በ1981 ዋልያስ ከማሕሙድ አሕመድ ጋር ወደ አሜሪካ ተጓዘ። አድማጩ በአብዛኛው ከሀገር የወጣ ስደተኛ ኢትዮጵያዊ ነበር፤ አዳራሹም ሰፊ አልነበረም። ጉዞው ሲያልቅ ባንዱ ለሁለት ተከፈለ። ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ እዚያው ቀሩ። የቀሩት ወደ ሀገር ተመለሱ፤ የዋልያስ ስምም አዲስ አበባ ውስጥ ሥራውን ቀጠለ።

አሜሪካ የቀሩት ለጥቂት ጊዜ ዙላ ባንድ በሚል ሞከሩ፤ ከዚያ ኑሮ በተናቸው። ግርማ በየነ ሙዚቃውን ለረጅም ጊዜ ተወው። ኃይሉ መርጊያ በ1985 አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሪክ ኪቦርዶች ጋር አጣምሮ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ፤ ከዚያም በዋሽንግተን ታክሲ መንዳት ጀመረ። በአውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ ትንሽ ኪቦርድ ከመኪናው እያወጣ ይለማመድ ነበር። የሂልተንን መድረክ ለዓመታት ያደመቀ ሰው!

ከዚያ የሆነውን ብዙ ሰው ያውቃል። «ኢትዮፒክስ» የተባለው የፈረንሳዩ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ተከታታይ ሥራ «ሙዚቃዊ ስልት»ን ለዓለም አሰማ፤ የአሜሪካ ባንዶችም እንደገና ተጫወቱት። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ አሳታሚ ባሕር ዳር ላይ ያን የ1985 ካሴት አገኘና እ.ኤ.አ. በ2013 መልሶ አሳተመው። ኃይሉ መርጊያ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 «ላላ በሉ»ን አወጣ። ግርማ በየነም በ2017 አካሌ ውቤ ከተባለ የፈረንሳይ ባንድ ጋር አዲስ አልበም ይዞ መጣ።

ይህ ታሪክ ሲነገር «ፈረንጅ አገኘልን» የሚል ቁጭት ይከተላል። ቁጭቱ ግን ቦታውን ስቷል። ባሕር ዳር ላይ ካሴቱ የተገኘው አንድ ሐበሻ ነጋዴ መደርደሪያው ላይ ይዞት ስለኖረ ነው። ዜማው በየሬዲዮው፣ በየታክሲው፣ በየሠርጉ ቪዲዮ ሥር ሲጫወት ኖሯል። ዜማው አልጠፋም ነበር። የጠፋው ስሙ ነው። ፈረንጆቹ ያደረጉት ትልቁ ነገር በሽፋኑ ላይ ማን ምን እንደተጫወተ መጻፋቸው ነው። ይህን ለመጻፍ ባሕር ማዶ መሄድ አያስፈልግም ነበር።

*

ሕግ የለም እንዳይባል፣ አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠብቀው ግጥምና ዜማ ደራሲን ብቻ አይደለም፤ ከዋኙንም ይጠብቃል። ከዋኝ ማለት ድምፃዊው ብቻ አይደለም፤ ቤዝ የመታውም፣ ትራምፔት የነፋውም ከዋኝ ነው። ይሁን እንጂ ዛሬም አዲስ ሥራ ሲወጣ የሙዚቀኞቹን ስም ፈልጎ ማግኘት ችግር ነው። በዩቲዩብ የሚጫነው የድሮ ካሴት የድምፃዊውን ፎቶ ይዞ ይመጣል፤ ከሥሩ «ከዋልያስ ባንድ ጋር» ተብሎ ከተጻፈ ዕድለኛ ነው። ስሙ ያልተመዘገበ ሰው መብቱን አይጠይቅም፤ ቢጠይቅም ማስረጃ የለውም።

የዋልያስ ታላቅነት በሽልማት ብዛት የሚለካ አይደለም። በሀምሳ ዓመት ውስጥ መንግሥት ሦስት ጊዜ ተለውጧል፣ ሸክላው ካሴት፣ ካሴቱ ሲዲ፣ ሲዲው ፍላሽ ሆኗል፤ ያ ቤዝ ግን አሁንም ይንጎራደዳል። የሚጠየቀው ትንሽ ነገር ነው። የሬዲዮ አቅራቢው ሙዚቃውን በማስታወቂያ ከመቁረጡ በፊት አምስት ሰከንድ ወስዶ «ያዳመጣችሁት ዋልያስ ባንድ ነው፣ ድርሰቱ የግርማ በየነ ነው» ይበል። ሚኒባሱ ገፈርሳን ሳይጨርስ ይሄ ይነገራል። ያን ጊዜ ከኋላ የተቀመጡት እናት የሚያንጎራጉሩት የማንን ዜማ እንደሆነ ያውቃሉ።