ከመጋረጃው ወዲያ

ያደግሁበት ቤት አንድ ክፍል ነው። ጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ ዝቅ ብሎ፣ ግድግዳው በጋዜጣ የተለበጠ፣ ከቆርቆሮው ሥር የአቡጀዲ ኮርኒስ የተወጠረበት የቀበሌ ቤት። በዚያች ክፍል ውስጥ ግን ሦስት ቤት ነበረን። በሩ አጠገብ አባቴ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ሸማ ይሠራል። መሐሉ ላይ እንበላለን፣ እናጠናለን፣ እንግዳ እንቀበላለን። ከወዲያ የእናትና የአባቴ አልጋ አለ። አልጋውን ከቀረው ቤት የሚለየው ከምስማር ምስማር በተወጠረ ሽቦ ላይ የተንጠለጠለ መጋረጃ ነው፤ ቢጫ መደብ ላይ ቀይ አበባ የፈሰሰበት፣ እናቴ ከመርካቶ በሜትር አስለክታ ያመጣችው ብትን ጨርቅ። የታች ጫፉን ራሷ በኪሮሽ በሠራችው ነጭ ዳንቴል ከፍፋዋለች።

ታናሽ ወንድሜ የተወለደው ከዚያ መጋረጃ ጀርባ ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የጎረቤት ሴቶች ሙቅ ውኃ ይዘው ሲገቡና ሲወጡ፣ «ማርያም፣ ማርያም» ሲሉ ይሰማኛል፤ የማየው ግን የጨርቁን መወዛወዝ ብቻ ነው። አባቴ መወርወሪያውን እንደያዘ እጁ ቆሟል፤ ዓይኑ መጋረጃው ላይ ነው። አትግባ ያለው ሰው የለም፤ እሱም አልገባም። እልልታው እስኪሰማ ድረስ ያ አበባማ ጨርቅ ከደጁ በር ይልቅ የጠነከረ ነበር። መጋረጃ ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ዛሬ መጋረጃ ስሰፋ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ደንበኞቼ ብዙ ጊዜ፣ «መጋረጃ የፈረንጅ ነገር ነው፤ ድሮ መስኮት እንኳ መች ነበረን?» ይሉኛል። ስለ መስኮቱ እውነታቸውን ነው፤ ጎጆ የሚያውቀው በር ነው። መጋረጃ ግን ወደዚህ አገር የመጣው መስኮትን ተከትሎ አይደለም። እኛ ዘንድ ቀድሞ የተሰጠው ሥራ ክብርን መጠበቅና ገመናን መሸፈን ነበር፤ ፀሐይ መከለልን የተማረው በኋላ ነው። ይህን የምለው ሙያዬን ለማግነን ብዬ አይደለም፤ የአገሩ ታሪክም ቋንቋውም ይመሰክራል።

ከቋንቋው ልጀምር። ግምጃ ማለት የሐር ጨርቅ፣ ባለ ጌጥ የከበረ ልብስ ነው። ዛሬ የመንግሥት ገንዘብ የሚቀመጥበትን ቦታ ግምጃ ቤት የምንለው ከዚያ ተነሥተን ነው። ወርቁም፣ ዘውዱም፣ መጽሐፉም የሚቀመጥበት ቤት ስሙን ያገኘው ከጨርቅ ነው። ጎንደር ውስጥ ግምጃ ቤት ማርያም የምትባል ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ስሟን በሰማሁ ቁጥር ያ ዘመን ጨርቅን በምን ዓይን ያየው እንደነበር ትዝ ይለኛል። ሐሩ፣ ከፈዩ፣ ወርቀ ዘቦው በቀይ ባሕር አድርጎ፣ በምጽዋ በኩል፣ በበቅሎና በግመል ጀርባ ነው የሚመጣው። እዚህ የሚፈተለው ጥጥ ነው። እንግዲህ ያን ያህል ርቀት ተጉዞ የመጣ ጨርቅ የሚሰቀልበት ቦታ ተራ ቦታ ሊሆን አይችልም።

የት ይሰቀል እንደነበር ከጻፉልን ሰዎች አንዱ ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። በ1512 ዓ.ም. ምጽዋ ላይ ከወረዱት መልእክተኞች ጋር መጥቶ፣ ስድስት ዓመት ያህል አገራችን ቆይቷል። ወደ አጼ ልብነ ድንግል ሲቀርቡ መጀመሪያ ያገኟቸው መጋረጃዎችን ነው። ንጉሡ ከመጋረጃ ጀርባ ናቸው፤ ቃል ይሄዳል፣ ቃል ይመጣል፣ ፊት ግን አይታይም። በመጨረሻ መጋረጃው ተገልጦ ንጉሡ ከፍ ባለ መደብ ላይ ዘውድ ደፍተው፣ የብር መስቀል ይዘው ሲታዩ እንኳ፣ አፋቸውንና ጺማቸውን የሚሸፍን ሰማያዊ ስስ ሐር ከፊታቸው ተይዞ ነበር፤ ዝቅ ይላል፣ ከፍ ይላል። እኔ ይህን ሳነብ ያየሁት እንደ ሰፊ ነው። ወፍራሙ መጋረጃ ከውጭ፣ ስሱ ከውስጥ። ዛሬ ለአንድ ሳሎን የምሰፋው ድርብ መጋረጃ አሠራሩ ይኸው ነው።

ከቤተ መንግሥቱም ይልቅ መጋረጃን ያከበረችው ቤተ ክርስቲያን ናት። ክቡን ቤተ ክርስቲያን የሚያውቅ ሰው ቅኔ ማህሌቱን፣ ቅድስቱንና መቅደሱን ያውቃል፤ የመቅደሱ ደጃፍ በመጋረጃ የተከለለ ነው፤ በቅዳሴው ሥርዓት ይገለጣል፣ ይዘጋል። ግዕዙ መንጦላዕት ይለዋል። ስለት የሰመረለት ሰው ዛሬም ጥላ፣ ምንጣፍ ወይም መጋረጃ ይዞ ይሄዳል።

እኔም ሙያዬን በእንባ የተማርኩት በአንድ የስለት መጋረጃ ነው። ሥራ ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። አንዲት እናት ልጃቸው ከዘመቻ በሰላም ስለተመለሰ ቀይ ከፈይ ገዝተው መጡ። ጨርቅ እንዲተርፍ ብዬ አንዱን ክንፍ ገልብጬ ቆረጥኩት። ከፈይ ጠጉር አለው፤ ወደ ታች ሲዳብሱት ይተኛል፣ ወደ ላይ ሲዳብሱት ይነሣል። የተኛው ብርሃን ይመልሳል፣ የተነሣው ብርሃን ይውጣል። ጠረጴዛው ላይ ምንም አልታየኝም። ሰፍቼ ስሰቅለው ግን አንዱ ክንፍ ደማቅ ቀይ፣ ሌላው ጥቁር ሊሆን ምንም ያልቀረው ሆነ፤ ከአንድ ጣቃ የወጡ አይመስሉም። የሥራ ቤቱ ባለቤት ጋሼ መዳፋቸውን በጨርቁ ላይ አንድ ጊዜ ወደ ታች፣ አንድ ጊዜ ወደ ላይ አሳለፉና፣ «ልጄ፣ ጨርቅም ፊት አለው» አሉኝ። አዲሱ ከፈይ የተገዛው ከደመወዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ጠጉር ያለው ጨርቅ ሳልዳብስ መቀስ አንሥቼ አላውቅም።

ስለዚህም ይመስለኛል የጎንደሩ መጋረጃ ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው። በ18ኛው መቶ ዘመን የተሠራ፣ ቁመቱ ከአምስት ሜትር የሚያልፍ የሐር መጋረጃ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑን ውስጠኛ ክፍል ከሕዝቡ ይከልል ነበር። ዘውድ የደፉ ንጉሥና ንግሥት፣ ከአጃቢዎቻቸው ጋር ቆመውበታል፤ አጥኚዎች ከአጼ በካፋ፣ ከእቴጌ ምንትዋብና ከልጃቸው ከአጼ ኢያሱ ጋር ያያይዙታል። ፎቶግራፉን መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ ጥልፍ መስሎኝ ነበር። አይደለም፤ ሰዎቹ ከጨርቁ ጋር አብረው የተሸመኑ ናቸው። አሠራሩ አባቴ ከሚሠራበት ዕቃ ይለያል። አራት ማዕዘን ትናንሽ ሠሌዳዎች በየማዕዘናቸው ይበሳሉ፤ በየቀዳዳው የድር ክር ያልፋል፤ ሠሌዳዎቹ በተዞሩ ቁጥር ክሩ ይጠማዘዛል፣ ማጉም በመሐሉ ይገባል። በዚህ መንገድ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ቀጭን መቀነት ነው። የጎንደር ባለሙያዎች ግን በመቶ የሚቆጠሩ ሠሌዳዎችን ጎን ለጎን ደርድረው፣ የሰው ፊት እስኪወጣ ድረስ ሠሩበት። ከአንዱ ሠሌዳ አንዲት ዙር ብትሳት ዓይኑ ከቦታው ይሄዳል።

ያ መጋረጃ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ከወሰዳቸው ቅርሶች አንዱ ነው፤ ዛሬ ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። በዚሁ ጥበብ የተሠራ ሌላ መጋረጃ ደግሞ ቶሮንቶ በሚገኘው ሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም አለ። በክብር ተጠብቀዋል ይባላል፤ አዎ፣ ብል አልበላቸውም። ነገር ግን መጋረጃ ከኋላው የሚጠብቀው ነገር ይፈልጋል። ከኋላው መቅደስ የነበረ ጨርቅ ዛሬ ከኋላው የሙዚየም ግድግዳ መሆኑ እኔን ያሳዝነኛል፤ እንዲመለስም እመኛለሁ።

የቤተ መንግሥቱ ልማድ እስከ አጼ ምኒልክ ዘልቋል። በአዳራሹ ግብር ሲበላ ንጉሠ ነገሥቱ ያሉበት መደብ በመጋረጃ ይከለላል፤ እሳቸው በልተው ሲያበቁ መጋረጃው ይገለጥና ሠራዊቱ በተራ በተራ ይገባል። በሺህ የሚቆጠር ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር ሆኖ፣ የንጉሡን ጉርሻ የሚያይ የለም። ያን መጋረጃ ሳስብ የእኛን ቢጫ መጋረጃ አስባለሁ። ዋጋቸው አይገናኝም፤ ሥራቸው ግን አንድ ነው።

ጨርቁ ከግምጃ ቤት ወጥቶ ወደ ድሃው ቤት እንዲወርድ ያደረገው ንግድ ነው። አዲስ አበባ ስትስፋፋ የህንድ፣ የዐረብ፣ የአርመንና የግሪክ ነጋዴዎች ሱቅ ከፈቱ፤ ከህንዶቹ የመሐመድአሊ ድርጅት ስሙ የገነነ ነበር። በ1909 ዓ.ም. የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ሲደርስ፣ በሳምንታት የሚመጣው ጣቃ በቀናት ይመጣ ጀመር። ከሁሉም የከተማውን ቤት የለወጠው አቡጀዲ ነው። ሰው ለበሰው፣ ከፈነበት፣ ድንኳን ሰፋው፤ ከዚያም በጣሪያው ሥር ወጥሮ፣ ኖራ ቀብቶ ኮርኒስ አደረገው። ከሣር ክዳን ወደ ቆርቆሮ የተሻገረ ሰው ቤቱን መጀመሪያ ያስጌጠው በጨርቅ ነው ብል አልተሳሳትኩም። ዝናብ ሲያፈስ በአቡጀዲው ላይ ቡናማ ካርታ ይሠራል፤ እኔና እህቴ ተኝተን አገር እናወጣለት ነበር። በኋላ በ1953 ዓ.ም. የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲከፈት፣ አቡጀዲውም አንሶላውም ከዚያም ይወጣ ጀመር።

በ1967 ዓ.ም. የከተማ ትርፍ ቤቶች በአዋጅ የመንግሥት ሲሆኑ ብዙው የድሃ ቤት የቀበሌ ሆነ። ኪራዩ ቀለለ፤ ቤቱ ግን አልሰፋም። ልጆች ተወለዱ፣ ዘመድ ከገጠር መጣ፣ ክፍሏ ያችው አንድ ናት። ግድግዳ ማከል ሲያቅት ሴቶች መጋረጃ አከሉ። የእነዚያ ዓመታት እናቶች በየደጁ ተቀምጠው ኪሮሽ ይዘው ሲሠሩ የነበረውን ዳንቴል ማን ይረሳዋል? ለሬዲዮው፣ ለቡፌው፣ ለሶፋው መደገፊያ፣ ከዚያም ለቴሌቪዥኑ። ንድፉ ከጎረቤት ጎረቤት በውሰት ይዞራል፤ ዓይን በዓይን ተቆጥሮ ይገለበጣል። ስታርች ገብቶ፣ ተወጥሮ ደርቆ፣ በዓል ሲደርስ ይነጠፋል። የአውሮፓ ባለጠጎች ለመጋረጃቸው ክፈፍና ዘርፍ በልዩ ባለሙያ ያሠሩ ነበር፤ እናቴ ራሷ ባለሙያዋ ነበረች፤ ክፍያዋም ለዓመት በዓል የመጣ እንግዳ፣ «እጅሽ ይባረክ» ማለቱ ነው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ሲጀመር የእኛ ሥራ ተለወጠ። መስኮቱ ሰፊ፣ ፎቁ ከፎቅ ፊት ለፊት፤ ቁልፍ የተረከበ ሰው ከአልጋ በፊት መጋረጃ ይፈልጋል። መርካቶ በቱርክና በቻይና ጨርቅ ተጥለቀለቀ። እኔም የመስኮት ሒሳብ ተማርኩ። ሁለት ሜትር ለሆነ መስኮት አራት ሜትር ጨርቅ ካልገባ ሽንሽኑ አይቆምም፤ ስሱ ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ጥጥ ከሆነ ሳይታጠብ አይቆረጥም፤ በመጀመሪያው እጥበት ያጥርና ቁርጭምጭሚቱ ላይ እንደቀረ ሱሪ ይሆናል። ዘምዝሜ ከመጨረሴ በፊት ቤቱ ድረስ ሄጄ፣ ሰቅዬ፣ ጨርቁ በራሱ ክብደት ሌሊቱን ተንጠልጥሎ እንዲያድር አደርጋለሁ። ነጋ ሲባል ነው ጫፉ የሚመታው።

ባለፈው ዓመት ስቱዲዮ የደረሳት አንዲት ወጣት መጣች። ስለ መስኮቱ መጋረጃ ቀለም አንድ ሰዓት ያህል ተነጋገርን። ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆማ ድምፅዋን ዝቅ አደረገችና፣ «እናቴ ከገጠር ልትመጣ ነው፤ ታማለች። ክፍሏ አንድ ናት። አልጋዋን የሚከልልላት ነገር…» አለችኝ። እንዳፈረች ገባኝ። እኔ ግን በዚህ ሁሉ ዓመት ከመጣልኝ ትእዛዝ ሁሉ የማውቀው ይህ ነበር።

ለዚያ መጋረጃ የቱርኩን ጨርቅ አላሳየኋትም። ሽሮ ሜዳ ወጥቼ ነጭ የእጅ ሸማ፣ ታችኛው ጫፍ ላይ ጠባብ አረንጓዴ ጥለት ያለው፣ አሸመንኩላት። ጫፉንም ለማሽን አልሰጠሁትም። ልጅ ሳለሁ አባቴ ከዕቃው ያወረደውን ጋቢ ለእኔና ለእህቴ ይሰጠን ነበር፤ የተረፈውን ድር ከጭናችን ላይ በመዳፋችን እያሾርን፣ ሁለቱን ክር አንድ እያደረግን እንቋጫለን። ያልተቋጨ ሸማ እየተተረተረ ወደ ውስጥ ይሄዳል፣ ይለን ነበር። ያን መጋረጃ እንዲሁ፣ በጭኔ ላይ፣ ሁለት ምሽት ተቀምጬ ቋጨሁት።

ልሰቅለው የሄድኩ ቀን እናትየዋ ደርሰዋል። አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ዘርፉን በጣታቸው ዳበሱት፤ ከዚያ ራሳቸው ሳቡና ዘጉት። ከወዲያ በኩል ነጠላቸውን ሲያጣፉ፣ ከዚያም በለሆሳስ ዳዊታቸውን ሲጀምሩ ሰማን። ልጅቷ የምታወራውን አቋርጣ ድምፅዋን ቀነሰች። ወደ ወጥ ቤቱ ስንሄድ ሁለታችንም በጫፍ እግራችን ነበር።